ሳሎን የገቡት ዓሦች

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ በኔ መጻሕፍት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተማረ። እናቴ ታማ አልጋ ላይ በዋለችበት ዓመት፣ ተኝታ የምታያቸው ዓሦች ሠራላት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ውኃ የሞላ ይመስል ቀስ እያሉ፣ እየተከታተሉ ይዋኙ ነበር። እሷ ከዚህ ዓለም ስትለይ ኮምፒውተሩን ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ የከፈተው የለም።

ዘንድሮ እሱን ስትሮክ መታው። እግሩ ተረፈ፤ ቃላቱ ግን እንደተበጠሰ ዶቃ ተበታተኑ። ማንኪያ ሲፈልግ "መሰላል" ይላል፤ መሰላል ስናመጣለት ይቆጣል።

አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት ልጠይቀው ጎራ አልኩ። ዝናቡ ያካፋል። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ የተዘጋውን ኮምፒውተር ጥቁር መስታወት ያያል።

"ዓሦቹን ልቀስቅስልህ አባዬ?"

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አሮጌው ኮምፒውተር ይሠራል ብዬ ስላላሰብኩ፣ ቀድቼ ያስቀመጥኩትን የፕሮግራሙን የድሮ ቅጂ ይዤው በመጣሁት ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩ። የተቀመጠው ፋይል ውስጥ ዓሣ የለም፤ በየመስመሩ የክላስ ስም ብቻ ነው የተጻፈው። ክላስ ማለት ያ ዓሣ ምን እንደሚመስልና እንዴት እንደሚዋኝ የተነገረበት ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ ስሙን አንብቦ፣ ክላሱን ፈልጎ፣ ዓሣውን መውለድ አለበት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቀጥ አለ፦ በዚህ ስም ክላስ አልተገኘም። ክላሶቹ ይቀመጡበት የነበረውን "መኝታ ቤት" የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ፤ ባዶ ነው።

"አባዬ፣ የት ወሰድካቸው?"

"ሳሎን።"

"አዎ፣ ሳሎን ነን።"

"ሳ-ሎን!" ጣቱን ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ቀሰረ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ ብርሃን እንድታገኝ አልጋዋን ሳሎን ስናወጣ፣ እሱም ዓሦቹን ተከትለዋት እንዲወጡ አድርጓል። አሮጌውን ኮምፒውተር አበራሁት፤ እየተንቀራፈፈ ተነሳ፤ "ሳሎን" የሚል ፎልደር አለ። ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩትና፣ ፕሮግራሙ ክላስ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ከየስሙ ፊት "ሳሎን"ን ከነማያያዣ ነጥቡ ጨመርኩ። ስም ብቻውን አይበቃውም፤ የት እንዳለም መናገር ያስፈልጋል።

መጡ። ቀዩ፣ ባለ ጢሙ፣ እንቅልፋሙ። የግድግዳው ቀለም እስኪሳሳ ድረስ ሰማያዊ ብርሃን ክፍሉን ሞላው። አባቴ አፉን ከፍቶ እንደ ሕፃን አየ።

በመጨረሻ አይቼው የማላውቀው አንድ ትንሽ ዓሣ ጭራውን አስቀድሞ ወደ ኋላ እየዋኘ ገባ።

"ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው? የመደመር ምልክት ቦታ መቀነስ ገብቶበት ይሆናል። ላስተካክለው?"

"እንዳትነኪው!" አለ፤ ጥርት ባለ ድምፅ። "እናትሽ ናት የጻፈችው። አስተምሬያት።"

አንዲትም ቃል አልሳተም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይስቃል፤ ትንሹ ዓሣ ደግሞ ቀዩን በጭራው ገጭቶ አለፈ።

ለአለቃዬ ደውዬ ዛሬ አልገባም አልኩት። ከዚያ ወንበሬን ከአባቴ ወንበር አጠገብ ሳብኩ።