ሳትጥል አትሄድም

«ሰውዬው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል» አለ ሹፌሩ፣ የሟች ታላቅ ወንድም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ምንም አትልፊ። እባቦቹን ከነሣጥናቸው ጭኖልን ይሄዳል።»

ሚስትየው የባዶ ብርጭቆ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል።

«አንዷ አትሄድም፣ ጋሼ። እንቁላል ይዛለች፤ እሱ ነግሮኛል። ሳትጥል አትሄድም።»

«እኔ ልጄን አፈር አልብሼ፣ እሷ የእባብ አራስ ትጠይቃለች!» አሉ የሟች እናት ከጥግ።

ከወንበሮቹ መሀል ሹክሹክታው ቀጠለ።

«በእባብ ተነድፎ ነው አሉ።»

«ኧረ ልቡ ነው! መርዝ የላቸውም።»

«መርዝ ባይኖራቸውስ፣ መልካቸው ይገድል የለ?»

ሟቹ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ግማሹ በቀልድ ግማሹ በአክብሮት «ዶክተር» ይለዋል። እባቦቹን የሚያረባው በኋለኛው ክፍል ነው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ያንን ክፍል ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት አልረገጠችውም። ሰው ሁሉ ፈርታ ይመስለው ነበር። ፍርሃት አልነበረም፤ እፍረት ነበር።

በተጋቡ በዓመቱ እሱ ለሥራ ራቅ ብሎ በሄደበት ሳምንት፣ ልታስደስተው ብላ ክፍሉን አጸዳችለት። ከአንዲት እባብ ሣጥን ውስጥ ክዳኑ የተበሳ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘች፤ ከዛፍ ቅርንጫፍ እንደ ጸጉር የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ሞልቶበታል። የበሰበሰ ቆሻሻ መሰላት። ደፋችውና ዕቃውን በሳሙና አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ መለሰችው። እባብ ጨለማና እርጥበት ካላገኘች እንቁላሏን አትጥልም። ያቺም ደረቁ ዕቃ ውስጥ ስትገባ ስትወጣ ሰንብታ፣ እንቁላሏን እንደያዘች ሞተች። እሱ ሲመለስ አንድ ክፉ ቃል አልተነፈሰም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አላሳየሁሽም» ብሎ ቀበራት። ቢቆጣት በወጣላት። ከዚያ በኋላ ከበሩ ያስቀራት ያ ይቅርታው ነው።

ትሪውን አስቀምጣ ገባች። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ዕቃ ተቀምጧል፤ የክዳኑ ቀዳዳ ግማሽ ድረስ ተቆርጦ ቀርቷል። «ደረቴን ወጋኝ» ብሎ የተነሣው ከዚህ ሥራ ላይ ነበር። እሱ ካቆመበት በመቀሷ ቀጠለች፤ ጠርዙ የእባቢቱን ሆድ እንዳይቧጭር በጨርቅ ዘመዘመችው። የዛፍ ሽበቱን ከጆንያ አውጥታ ነከረችውና ጠብታው እስኪያቆም ጨምቃ ሞላችበት።

ሹፌሩ ሊያናግራት ተከትሏት ሲገባ፣ ወለሉ ላይ የወደቀ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አይቶ ዘሎ በሩ ላይ ተለጠፈ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሳቋ አመለጣት፤ እሱም አፍሮ ሳቀ።

«እሺ፣ እስክትጥል ብቻ» አለ። «ለሰውዬው እደውልለታለሁ።»

ዕቃውን አስገባችላት። እባቢቱ ምላሷን አውጥታ ቀዳዳውን ፈተሸች፤ ገባች፤ ወጣች። እንደገና ገባች፤ ወጣች። ልክ እንደዚያችኛዋ። ሚስትየው ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ባሏን ማዳን አልቻለችም፤ ይቺንም ከገደለች በየት በኩል ቀና ትበል?

በማግስቱ ጠዋት እባቢቱ ገብታ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ሚስትየው ክዳኑን በጣት ስፋት ከፈት አድርጋ አየች። አራት ነጭ እንቁላል ተጥሏል፤ አምስተኛው እየመጣ ነው። በዚያው ቅጽበት የሟች የሥራ ባልደረቦች እሪ እያሉ ገቡ። የሳንቃው ወለል ተንቀጠቀጠ፤ እባቢቱ ራሷን ቀና አደረገች።

ሚስትየው በእግሯ ጣቶች እየተራመደች ወጣችና እጆቿን ዘርግታ መንገዱን ዘጋች።

«አልቅሱለት፣ ይገባዋል። ግን ወለሉን በኃይል አትርገጡብኝ! እየጣለች ነው። የሚያስደነግጣት ጩኸቱ አይደለም፣ እርምጃው ነው።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። «አበደች እኮ» አለች አንዷ።

እናቱ ከጥግ ተነሡ። ግድግዳውን ተደግፈው አንዱን ጫማቸውን፣ ከዚያም ሌላውን አወለቁ። በባዶ እግራቸው ቀስ ብለው መጡና የምራታቸውን ክንድ ያዙ።

«ስንት ሆኑላት?» አሉ በለሆሳስ።