ያልተቀመሰው ጽጌረዳ

ፋንቱ ከልጇ ከርብቃ ጋር ከተቆራረጠች ስምንት ወር ሆኗታል። ርብቃ ያደገችበትን ቤተ ክርስቲያን ትታ እጮኛዋ ኒካው ወደሚያመልክበት የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት የሄደች ዕለት፣ አባቷ መምህር በሪሁን ሻንጣዋን ደጅ አወጣባት። ፋንቱ አፏን ይዛ አየች። ያ ማየቷ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጫት። አንዲት ቃል፣ እንዲያው "ልጄ ናት፣ ተዋት" ብትል ምን ነበረበት? አላለችም።

አሁን ርብቃ ልታገባ ነው፤ ያውም በሁዳዴ። ኒካው የአኝዋክ ልጅ ነው፤ የጋምቤላ ክልል ሲቋቋም አዲስ ከተከፈቱት ቢሮዎች በአንዱ ተቀጥሮ ነበርና ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሊልኩት ሆነ። ሠርጉ ፋሲካን አይጠብቅም ተባለ። በሪሁን "በጾም ተደግሶ የሚበላ አፍ የለኝም" ብሎ ወሬውን ዘጋ። ፋንቱ ግን በጎረቤቷ በአቢጋኤል በኩል ሰረቅ አድርጋ ወደ ርብቃ ላከች፤ "ለኬክሽ የስኳር ጽጌረዳ ልሥራልሽ ወይ?" ስትል። መልሱ "ትሥራ" የሚል ብቻ ነበር። ፋንቱ በዚያች ቃል ሳምንት ሙሉ ኖረች።

ሙያውን የተማረችው በልጅነቷ፣ ጅማ ከተማ ዳቦ ቤት ለነበራት ግሪካዊት ተቀጥራ ስትሠራ ነው። ጋምቤላ ከመጣች ወዲህ ሁለት ጊዜ ብትሞክረው ነው። በዚህ ሙቀት የስኳር አበባ መሥራት ቅቤ ፀሐይ ላይ እንደ ማስጣት ነው። የዱቄት ስኳርም በከተማው አይገኝ፤ ተራውን ስኳር በሙቀጫ ወቅጣ በሻሽ መንፋት ነበረባት። ቤቷ ያለው ሙቀጫ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም ሚጥሚጣ ሲወቀጥበት የኖረ። በአመድ ፈተገችው፣ በፈላ ውሃ አጠበችው፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አዋለችው። የመጋቢት ፀሐይ ክፉ ነውና እንጨቱ ከውስጥ ተሰነጠቀ። ፋንቱ ስንጥቁን አይታ "እሰይ፣ በደንብ ደርቆልኛል" አለች። አይ ፋንቱ።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ የነፋችውን ስኳር በእንቁላል ነጭና ከአዲስ አበባ ባስመጣችው ጀላቲን ለወሰችው፤ ቀይ ቀለም ጠብ አድርጋ አሸችው። ከሊጡ ቆንጥራ እንደ እንቡጥ ታሾላለች። ሌላ ቆንጥራ በሁለት ላስቲክ መሃል ትዳምጥና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ታሳሳለች፤ ከዚያ ቅጠሉን እንቡጡ ላይ ትጠቀልላለች። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አምስት። ጠርዙን ወደ ውጭ ስትመልሰው አበባው ይከፈታል፤ ያን ጊዜ "ውለጂ፣ ክበጂ፣ የኔ ልጅ" እያለች እንቁላል መያዣው ላይ ታሳርፈዋለች። በአርባው ጽጌረዳ ሁሉ እንዲሁ አለች። በልጇ ፊት ያላለችው ምርቃት እጇ ላይ መጣላት።

ግሪካዊቷ "ሊጡን ሳትቀምሺ አበባ አታውጪ" ትላት ነበር። ፋንቱ ግን ጾመኛ ናት። እንቁላሉ እንቁላል ነው፤ ጀላቲኑም ከከብት አጥንት የሚወጣ ነው። ጣቷን እንኳ አልላሰችም። ስንት ዓመት በሁዳዴ ለሕፃን ልጇ የፍስክ ወጥ ሳትቀምስ በጠረኑ ብቻ ስትሠራ ኖራ የለ? ይሄማ ስኳር ነው፣ ስኳር ምን ይሆናል? የእጇ አንጓ ለብለብ ሲያደርጋት ሙቀቱ ነው ብላ አለፈችው።

ሠርጉ የተደገሰው ባሮ ወንዝ አጠገብ፣ በኒካው አባት ግቢ፣ ከማንጎዎቹ ሥር ነው። ፋንቱ ብቻዋን መጣች። የኒካው እናት አኬሎ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

"መጣሽ። ጥሩ ነው። እዚህ፣ ከኔ ጋር ቁጭ በይ" አለቻት።

ፋንቱ ዳቦ ቤት የተጋገረው ኬክ ላይ ጽጌረዳዎቹን አንድ በአንድ ደረደረች። ርብቃ ቬሏን ሰብስባ መጥታ አየቻቸው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እማዬ፣ እንዴት ያምራሉ" አለቻት። ከስምንት ወር በኋላ ፊት ለፊት ያለቻት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ፋንቱ እዚያው ብትሞት አይቆጫትም ነበር።

ኬኩ ተቆረሰ። አኬሎ የመጀመሪያውን ቁራሽ በሳህን አድርጋ ለፋንቱ አቀረበችላት።

"ብይ። የልጆቻችን ነው።"

ፋንቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "ይቅርታ እህቴ፣ ጾም ነኝ" አለች።

"ዛሬም?"

"ዛሬም።"

ርብቃ ሰምታለች። አቀረቀረች። ኒካው ይህን አይቶ ሊያጫውታት ብሎ ከኬኩ ላይ ትልቁን ጽጌረዳ አነሳና አጎረሳት።

ርብቃ አኘከች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ ሳል ያጣድፋት ጀመር። ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ በኩሏ ላይ ወረደ። ሰው የደስታ መስሎት አጨበጨበ። ቀጥሎ አበባ የደረሳቸው ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። የኒካው አጎት ጎኝ የጎረሰውን መሬት ላይ ተፋና ተነሳ።

"ይሄ ምንድን ነው? እሷ ለምን አልበላም? ራሱ ሠርቶ ለምን አልበላም?"

ከኋላ አንድ ሰው "መድኃኒት" አለ። ሰዉ ሳህኑን መሬት ማስቀመጥ ጀመረ።

ርብቃ አፏን በመሀረብ እንደያዘች እናቷን አየቻት። "እማዬ፣ ለዚህ ነው ያልበላሽው?"

ፋንቱ ተነስታ ከኬኩ ላይ አንድ ጽጌረዳ አንስታ ጎረሰች። መጀመሪያ ጣፈጣት፤ ወዲያው ምላሷን፣ ከንፈሯን፣ ጉሮሮዋን እሳት ያዘው። ሚጥሚጣ። እንጨቱ ለዓመታት የጠጣው ሚጥሚጣ በስንጥቁ እየወጣ ከስኳሩ ጋር ሲወቀጥ ኖሯል።

"ሙቀጫው ነው" አለች። "ልጄ፣ ሙቀጫው ነው፤ የሚጥሚጣው። ጾም ስለሆነ ሊጡን አልቀመስኩትም። ብቀምሰውማ አውቅ ነበር። ይኸው፣ እየበላሁ ነው።" ሁለተኛ ጎረሰች፤ ሦስተኛ ጎረሰች። ዓይኗ እያነባ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ አኘከች።

ጎኝ ትክ ብሎ ሲያያት ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ። "በልቷል። መድኃኒት አይደለም" አለ። ሰዉ መተንፈስ ጀመረ። አንዳንዱ እንዲያውም ሳቀ። አኬሎ ውሃ ልታመጣ ሮጠች።

ርብቃ ግን አልሳቀችም። ቀርባ የእናቷን አገጭ በመሀረቧ ጠረገችላት።

"አምኜሻለሁ እማዬ" አለች ቀስ ብላ። "ሆን ብለሽ አላደረግሽውም። ግን አማቴ የልጆቻችን ነው ብላ ስትለምንሽ አልገደፍሽም። ለስምሽ ሲሆን ገደፍሽ።"

መሀረቡን እጇ ላይ ትታላት ወደ ባሏ ሄደች። ልጅቷ እውነቷን ነበር።