የአስራ ሰባት ተራ

እሸቴ በሬዲዮ ስለ ቁጥር ማውራት የጀመረው ለጨዋታ ያህል ነበር። ጓደኛው ማርቆስ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የቅዳሜ ጠዋት ዝግጅት ነበረውና፣ ከአስራ አንድ እስከ አስራ ዘጠኝ ካሉት ቁጥሮች በየሳምንቱ አንዱን እያነሳ እንዲያጫውት ጋበዘው። አስራ አንድ ሰዓት የሠራተኛ መውጫ መሆኑን፣ በአስራ ሁለት ቀኑ ለሌሊቱ ቦታ እንደሚለቅ፣ ፈረንጅ ሆቴል ሲሠራ የሚዘለው አስራ ሦስት ለእኛ ጳጉሜን እንደሆነ እያወጋ አስራ ስድስት ደረሰ። ኪዳነ ምሕረትን አንስቶ፣ ባለቤቱ የወይንሐረግ በዚያ ቀን ቁርስ እንደማታቀርብለት ሳይቀር ለአድማጭ ተናገረባት። በሳምንቱ ሞተ።

የሚኖሩት ሰበታ፣ በፊት የኦቦ ጃራ እርሻ በነበረ መሬት ላይ በተሠራ አዲስ ቤት ነበር። ኦቦ ጃራ ከአጥሩ ወዲያ በተረፈቻቸው ቁራሽ ላይ ከአንዲት ልጃቸው ከገለቴ ጋር ቀርተዋል። በዚያ ታኅሣሥ፣ አዲስ አበባን የሚያሰፋው ማስተር ፕላን የቀረውንም መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ወጣቱ አደባባይ ወጣ። በቡራዩም በሱሉልታም መንገድ ተዘጋ። እሸቴን ልቡን ያመመው በዚህ መሀል ነው። አንድ ጎረቤት በመኪናው ሆስፒታል ሊያደርሳቸው ሲከንፍ ዓለም ገና ላይ የተደረደረ ድንጋይ ጠበቃቸው። ከቆሙት ልጆች መሀል ገለቴ ነበረች። በመስኮቱ አጎንብሳ እሸቴን ስታየው ወደ ጓደኞቿ ዞራ በኦሮምኛ ጮኸችና ራሷ አንዱን ድንጋይ መግፋት ጀመረች። ወዲያው ተኩስ ተሰማ። ልጆቹ ተበተኑ፣ ጎረቤትየው መኪናውን አዞረ። እሸቴ ቤት ሳይደርስ አረፈ። ገለቴን የዚያኑ ዕለት ፖሊሶች ከቤቷ ወሰዷት።

የወይንሐረግ አላለቀሰችም። ሰው ሲገባ ትነሳለች፣ ተቀመጪ ሲሏት ትቀመጣለች። ኦቦ ጃራ በየቀኑ እየመጡ ድንኳኑ ጥግ ይቀመጡ ነበር፤ ስለ ልጃቸው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

የአስራ ሁለተኛው ቀን ጸሎት እንዳለቀ ማርቆስ ደወለ። አድማጭ እሸቴን እየጠየቀ ነው፣ ለመታሰቢያው የቀሩትን ቁጥሮች አንቺ ብትጨርሺልን አላት። እምቢ ለማለት ምክንያት መስጠት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ አደከማት። እሺ አለችው።

እሸቴ የሚያወራውን ሁሉ የሚይዘው በጭንቅላቱ ስለነበር የተወላት ነገር የለም። ሳሙና ልትገዛ ሱቅ በሄደችበት ባለሱቋን ራቢአን ስለ አስራ ሰባት የምታውቀው ነገር ካለ ጠየቀቻት። ራቢአ በጣቷ እየደመረች፣ በአምስቱ የቀን ሶላቶች በግዴታ የሚሰገደው ዙር፣ ረከዓው፣ አስራ ሰባት እንደሚሞላ ነገረቻትና የሳሙናውን ሂሳብ አልቀበልም አለች።

ቅዳሜ በስልክ አየር ላይ ገባች። ወር በገባ በአስራ ሰባት እስጢፋኖስ እንደሚውል፣ እሱም በድንጋይ ተወግሮ የሞተ ሰማዕት መሆኑን ተናገረች። የራቢአንም ጨመረች። ድምፅዋ የገበያ ዋጋ የምታነብ ይመስል ነበር። ማርቆስ አመስግኖ ሌላ የምትጨምረው ካለ ጠየቃት።

«የጎረቤቴ ልጅ ገለቴ አስራ ሰባት ዓመቷ ነው» አለች። «ባለቤቴ እንዲያልፍ ድንጋይ ስትገፋ ነበር። ወስደዋት የት እንዳለች አናውቅም።»

ሙዚቃ ገባ። ከሰዓት በኋላ ማርቆስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደወለና ዝግጅቱ ለጊዜው መቆሙን ነገራት። እሺ አለችው። መፍራት እንደነበረባት ታውቃለች፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣላትም።

በማግስቱ ኦቦ ጃራ በሩን አንኳኩ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉ ቆመው። «ሬዲዮውን ሰምቻለሁ። ለገለቴ ፖሊስ ጣቢያ ምግብ ልወስድ ነው። ብቻዬን ሳህን ይዤ መቆም ከበደኝ።»

«ነጠላዬን ላምጣ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለቻቸው።

በመንገድ ላይ፣ ሁለት ጣቢያ ሞክረው እንደመለሷቸው፣ ምግቡን ከተቀበሉ ልጅቷ እዚያ አለች ማለት እንደሆነ አስረዷት። ሦስተኛው ጣቢያ ሲደርሱ ዘቡ የልጅቷን ስም ጠይቆ ገባ፣ ወጣ፣ ሳህኑን ተቀበላቸው። ኦቦ ጃራ ግንቡን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እያለቀሱ ነበር። የወይንሐረግ አጠገባቸው ቆማ በአስፋልቱ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ስታይ ቆየች።

ፀሐዩ ከረር ሲል ሳህኑ ባዶውን ወጣ።

«እሷ ናት የበላችው?» አሉ ኦቦ ጃራ።

ዘቡ ሳህኑን ዘረጋላቸው። የወይንሐረግ ሳህኑን ተቀብላ በፌስታል ጠቀለለችው። ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸውና ወደ ታክሲ መያዣው ሄዱ።