የመሃሉ ስፒከር አገጭ

«ይሄ ቴሌቪዥኑ ራስ ላይ የተቆለለው ምንድን ነው?» አለች ቹንሺያ፣ አንገቷን አስግጋ በወረቀቱ ቤት መስኮት እያየች።

«የመሃሉ ስፒከር ነዋ፣ እትዬ!» አለ የወረቀት ቤቱን የሠራው ባለሙያ ሊያኦ። «እንዲያምር ብዬ ወርቃማ አደረግሁት።»

ግቢው መሃል የቆመው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ ነው። ከሰዓት በኋላ ጸሎቱ ሲያበቃ ይቃጠላል፤ ያኔ ባሏ ቲየንፉ በወዲያኛው ዓለም ይረከበዋል። አንዴ ከተቃጠለ ማስተካከል የለም። መኪናው ደህና ነው፤ አልጋውም፣ የሻይ ጀበናውም ደህና ነው። ስፒከሩ ግን!

«የሰው ድምፅ ከኮርኒስ እየወረደበት ሊኖር ነው? አውርደው። ከቴሌቪዥኑ ሥር አድርገው።»

«እዚያ እኮ አይታይም!»

«ሊሰማው ነው እንጂ ሊያየው ነው?»

ጎረቤቷ አጂን ከለቅሶ ደራሾቹ ጋር የወረቀት አበባ እያጠፈች ነበር። ሳቋን በእጇ ሸፈነች። «የቲየንፉ ሚስት ለመሆንሽ ምስክር አያሻሽም!»

ቲየንፉ እንዲህ ሰፈሩን ያስመረረ ሰው ነበር። ፊልም የሚታይበት ቤት ከገባ ሻዩ ሳይቀርብለት በጉልበቱ ይንበረከክና የመሃሉ ስፒከር የፊት ጠርዝ ሥር የታጠፈ ካርቶን ይሸጉጣል። «አገጩን ቀና አድርጉለት! የሰዎቹ ንግግር የሚወጣው ከዚህ ነው። ከጉልበታችሁ ጋር ነው እንዴ የሚያወራው?» የአጂን ባል አንድ ጊዜ ካርቶኑን አውጥቶ ቢጥልበት፣ ሳምንት ሙሉ አኩርፎታል።

«የገዛ ቤቱን ስፒከር ግን አንድ ቀን እንኳ ቀና ሳያደርገው ሄደ» አለች አጂን። «ለእኛ ካርቶን ሲያድል ለራሱ አለቀበት!»

ሴቶቹ ሳቁ። ቹንሺያም ምክንያቱን ያወቀችው በቀደም ነው።

በቀደም ቤቱ በሰው ሲሞላ ልጇ ፖሃን ዝቅተኛ በርጩማዋን ለአንዲት አሮጊት ሰጠና እናቱን በአባቱ ወንበር ላይ አስቀመጣት። በስፒከሩ የጸሎት ዲስክ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ከፍ ካለው ወንበር ሆና ስትሰማው የመነኩሴዋ ድምፅ ታፍኖ፣ ከጉልበቷ ሥር የሚያንሾካሹክ መሰላት።

«ፖሃን፣ ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለች።

አሮጊቷ ተሰናብታ ስትሄድ ወደ በርጩማዋ ተመለሰች። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ገባላት፤ ስፒከሩ ፊቱን ያዞረው ወደዚያችው ዝቅተኛ በርጩማ ነበር።

ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። በየምሽቱ እዚያችው በርጩማ ላይ ባቄላ እየፈለፈለች ፊልም ስታይ፣ ድሮ «ምን አለ? ምን አለችው?» እያለች ባሏን ታደርቀው ነበር። እሱ የመሃሉን ስፒከር ገዝቶ ካስገባ በኋላ ግን መጠየቅ ተወች። «ጆሮዬ እኮ ዳነ!» ብላ ስትመጻደቅ እሱ «ፊልሙን እዪ» ብቻ ይላት ነበር።

«ይኸው አወረድኩት» አለ ሊያኦ። «አሁንስ?»

ቹንሺያ ወደ ወረቀቱ ሳሎን አጎነበሰች። ከፍ ያለ ወንበር አለ፤ አንድ ብቻ። «በርጩማ የለውም?»

ሊያኦ ደነገጠ። «የርስዎን? ኧረ እትዬ! በሙት ቤት ውስጥ የሕያው መቀመጫ አይገባም!»

«ልክ ነህ» አለች ፈገግ ብላ። «ከአሁኑ ቦታ አልይዝም። ከእንግዲህ ለራሱ ይስማ።»

ከአጂን ሰፌድ ላይ አንድ ወርቃማ ወረቀት አነሳችና አጣጠፈች። እጇን በመስኮቱ አስገብታ ከትንሿ ስፒከር የፊት ጠርዝ ሥር ሸጎጠችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከወረቀቱ ወንበር መደገፊያ አጠገብ አደረገችና፣ በአንድ ዓይኗ አነጣጥራ አየች።

አገጩ ገና አልቀናም። አወጣችና አንድ ጊዜ ደግማ አጠፈችው።