የመንገዱ ግራ ጎን

"መቶ አራት ሰው አውራ ጣቱን አሳይቷል እኮ!" አለ ሊቀመንበሩ ስልኩን ወደ ልብስ ሰፊዋ እያዞረ። "ይኸው፣ ይዩት እትዬ። ስብሰባ አለ ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፣ መቶ አራት ሰው ተስማማ።"

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አስተካክላ ስልኩን አየች። ከዚያ ክፍሉን አየች። በአንደኛ ክፍል ልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ የደረሰ አሥራ አንድ ወላጆች ተቀምጠዋል።

"ጣታቸውን ልከው ራሳቸው ቀሩ በለኛ!" አለች።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሁለት አዳዲስ መማሪያ ክፍሎች ለመሥራት ተስማምቷል፤ የጉልበት ሥራውን ወላጆች እንሸፍናለን ብለው፣ ከግማሽ በላይ ሆነው ቃለ ጉባኤ ላይ ከፈረሙ ነው። ትምህርት ቤቱ መቶ ሰማንያ ወላጅ አለው፤ ስለዚህ ዘጠና አንድ ፊርማ ያስፈልጋል። ቀነ ገደቡ ዛሬ ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ነው። ካለፈ በጀቱ ተራ ወደሚጠብቅ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የአንደኛ ክፍል ልጆችም ድሮ የኖራ ማከማቻ በነበረችው በዚህች ባለ አንድ መስኮት ክፍል እንደታጨቁ ይቀራሉ። ሰማዩ የደመነ ቀን ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ የተቀመጠ ልጅ ሰሌዳውን አያይም።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ተኩል።"

"እናንተ ደውሉ። እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።"

ዘበኛው የግቢውን በር እየከፈተላት፣ "እትዬ ደወል ወጣች! ዛሬ በዚህ ሰፈር የሚተኛ የለም" አለ።

እትዬ ደወል የሚለውን ስም ያወጡላት ወላጆቹ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት የወላጅ መምህራን ኅብረቱ ጸሐፊ ነበረች። የመጨረሻ ልጇ ባለፈው ክረምት ስምንተኛን ጨርሶ ስለወጣ፣ ዛሬ መዝገቡን አስረክባ ትሰናበታለች። ግሩፕ የሚባል ነገር ሳይመጣ ወላጅ የሚጠራው በር ለበር ነበር። የምትዞረው ግን ብቻዋን አልነበረም፤ ከጓደኛዋ ከፀጉር ሠሪዋ ጋር ነበር። ከትምህርት ቤቱ ወደ ድልድዩ የሚወርደውን መንገድ ተካፍለውታል፤ ልብስ ሰፊዋ ቀኙን፣ ፀጉር ሠሪዋ ግራውን። ቀድማ የጨረሰችው ድልድዩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

"ስንት በር?" ትላለች የጠበቀችው።

"አሥራ ዘጠኝ በር፣ አንድ ውሻ።"

"ነከሰሽ?"

"ኧረ እሱም እመጣለሁ ብሏል።"

ከዚያ እየተሳሳቁ ዳገቱን ይመለሳሉ። እንደዚያ ሆነው ነው የመጻሕፍት ቤቱን ጣሪያ ያስመቱት፤ ሠላሳ ዴስክ ያስጠገኑት፤ ከስፌት በተረፈ ጨርቅ ለየክፍሉ መጋረጃ የሰቀሉት። ሁለቱም ያኔ ቀጭን ነበሩ፤ ዳገቱም እንዲህ ዳገት አልነበረም።

የቀኙ ጎን አላስቸገራትም። ዳቦ ጋጋሪው እጁ በዱቄት እንደተለወሰ ወጣ።

"እትዬ፣ አውራ ጣት ልኬ የለ እንዴ?"

"ጣትህማ ደርሷል። አሁን ባለቤቱ ይምጣ።"

እየሳቀ ሽርጡን ፈታ። ከጎኑ ያለው ጫማ ሠሪም፣ ከፎቅ ላይ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ነርስም ወጡ። ድልድዩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ቁጭ ልትል ዳዳትና ተወችው። የምትጠብቀው ሰው የለም። መንገዱን ተሻግራ ግራውን ጎን ጀመረች፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አንኳኩታው አታውቅም።

የመጀመሪያውን በር የከፈቱት ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ አሮጊት ናቸው።

"ማነሽ ልጄ?"

"ከትምህርት ቤቱ ነኝ እማማ። ለስብሰባው ነበር።"

"ያቺኛዋስ? ሁለቴ ታንኳኳና 'አለን ወይ ጎረቤት!' የምትለው?"

"ዛሬ እኔ ነኝ የመጣሁት።"

"ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት" አለች ልብስ ሰፊዋ። ደኅና ትሁን አትሁን አታውቅም ነበር።

ከተቀያየሙ ሦስት ዓመት ሆነ። ኅብረቱ አንድ ልማድ ነበረው፤ በየመንፈቁ መጨረሻ ከትምህርት ቤቱ የጉልበት ሥራ የቀሩ ወላጆች ስም በጉባኤ ፊት ይነበባል። አንባቢዋ ጸሐፊዋ ናት። የዚያን ዕለት ከዝርዝሩ ላይ የፀጉር ሠሪዋን ስም አገኘችው። ለማንም አላዳላም የሚል ኩራት ነበረባትና ድምፅዋን እንኳ ዝቅ ሳታደርግ አነበበችው። ሁለቱ እንደ መንታ የሚታዩ ነበሩና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ፀጉር ሠሪዋ ብቻዋን ተነሥታ ወጣች። ባሏ ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ እሷ ከአልጋው ሥር ስታድር መሰንበቷን ልብስ ሰፊዋ የሰማችው በሦስተኛው ቀን ነው። እሄዳለሁ አለች። አፍራ ለነገ አለችው፣ ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እሷ ግን ወግታም አልረሳችም። ሰውየው መዳኑን ከገበያ ወሬ ነው የሰማችው።

ከፀጉር ቤቱ ሰማያዊ በር ስትደርስ አንገቷን ደፍታ አለፈች። ቀጣዩን አንኳኳች።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ክፍሏ ጢም ብላ ሞልታ ሰው ደጅ ቆሟል። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ሁለቴ ቆጠረ።

"ዘጠና" አለ። ግንባሩን ጠረገ። "አንድ ጎደለ። የደወልንለት ሁሉ ወይ መንገድ ላይ ነው ወይ አያነሳም።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጠጋት። "እትዬ፣ እርስዎ ለምን አይፈርሙም? አሥራ ሁለት ዓመት የለፉበት ቤት ነው። ማን ምን ይላል?"

መዝገቡን አየችው። ከፊርማው ጎን የልጁን ክፍል የሚጠይቅ ረድፍ አለ። አንዲት ቁጥር ብቻ ነበረች የምትፈለገው።

"ልጄ ወጥቷል፤ ወላጅ አይደለሁም" አለች። "የሰው ስም እያነበብኩ ሳሳፍር ኖሬ፣ ዛሬ ለራሴ ላዳላ?"

"እና ምን ይሻላል?"

"ያለፍኩት በር አለ።"

ከደጅ ያለው ዘበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። የትኛው በር እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የፀጉር ሠሪዋ ትንሿ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት።

ሊቀመንበሩ መዝገቡንና እስክሪብቶውን አነሣላት። "እንግዲያው ይዘውት ይሂዱ። እዚያው ያስፈርሟት፣ ጊዜ የለንም።"

ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

"እዚሁ ይቆይ" አለች። "መዝገብ ይዤ ነው ያስቀየምኳት።"

"እትዬ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ያለው!"

"አውቃለሁ ልጄ።"

ቁልቁለቱን ወረደች። ጉልበቷን አመማት፤ ፀጉር ሠሪዋ ናፍቃት እንደነበር ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባት። መንገዱን ወደ ግራ ተሻግራ ከሰማያዊው በር ፊት ቆመች። ከውስጥ የፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል።

ሁለቴ አንኳኳች።

"አለን ወይ ጎረቤት!"

ማድረቂያው ጸጥ አለ።