ከቬርሊን ትከሻ ጀርባ

ፎቶው ላይ ከባሌ ከቬርሊን ግራ ትከሻ ጀርባ፣ በረቱ በር ላይ፣ የጥጃ ወተት ባልዲ የያዘ ሰው ቆሟል። እኔ ያየሁት የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት ሆኖ አራት ሺህ ቅጂ ታትሞ የካውንቲው፣ የወረዳችን፣ ፖስታ ሳጥን ሁሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ይባስ ብሎ ሰውየው ፈገግ ብሏል።

ፎቶውን ያነሳሁት ራሴ ነኝ። ከማንሳቴ በፊት የቬርሊንን ኮሌታ አስተካክያለሁ፣ ጥርሱ መሀል ምግብ እንዳይኖር አይቻለሁ፣ ነፋስ ኮፍያውን ወስዶ ላም እንዳያስደነብር፣ ላሟም እንዳትረግጠው ሰግቻለሁ። ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ አስቤ ነበር። ላም አላቢያችንን ኤውሴቢዮን ግን አላየሁትም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ እዚያው በር ላይ ስለማየው ከበሩ ጋር አንድ ሆኖብኝ መሰለኝ።

ከፎቶው በታች በትልቅ ቀይ ጽሑፍ "የአገራችንን በር እንቆልፍ! ወረቀት የሌለው ሁሉ ይውጣ!" ይላል። ከዚያ የባሌ ስም፦ ቬርሊን ሁክስትራ፣ የፓርቲው የካውንቲ ሊቀመንበር። ኤውሴቢዮ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ሚስቱ ማሪሴላም የላትም።

ነገሩን የነገረችኝ ዴሞይን ከተማ ነርስነት የምትማረው ልጃችን ኬንድራ ናት። ስልኩ ሲጠራ እንደ ልማዴ መኪና ገጭቷት ነው ብዬ አነሳሁት።

"እማ፣ ወረቀቱን አይተሽዋል?"

"ደህና ነሽ? የት ሆስፒታል ነሽ?"

"ኧረ ደህና ነኝ! አባዬ 'ሁሉም ይውጣ' እያለ ከኋላው ኤውሴቢዮ ጥጃ ሊያጠባ ቆሟል። የክፍሌ ልጆች ሲስቁብኝ ዋሉ።"

ለቬርሊን ስነግረው ሾርባውን መጠጣት እንኳ አላቆመም።

"ማን ያየዋል?"

"ኬንድራ አይታዋለች።"

"ኬንድራማ ተቃዋሚ ናት።"

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ግን ያላየው ሰው እንደሌለ ገባኝ። ስብከቱ ሊጀመር ሲል እንደ ደንባችን ሚንት ከረሜላውን ለጎረቤት ሳቀብል፣ ከኋላችን የተቀመጠው የፓርቲው ጸሐፊ ጌይለን ጎንበስ አለና፣ "ሊቀመንበር፣ ያ ፎቶው ላይ ያለው ቆንጆ ሰውዬ ነው እንዴ የሚወዳደረው?" አለ። አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። ቬርሊን እስከ ጆሮው ቀላ።

ስንወጣ ጌይለን የቬርሊንን ትከሻ መታ መታ አደረገው። "አትጨነቅ ወንድሜ። የጥቆማ ስልኩ ላይ ደውልና የኔ ሰው ነው በላቸው። የሚፈልጉት ወንበዴውን ነው፤ ያንተን ማን ይነካዋል?"

ወረቀት የሌለውን ሰው ለኢሚግሬሽን የሚጠቁሙበት ይህ ስልክ እንዲቋቋም ከሁሉም በላይ የጮኸው ቬርሊን ነው። ሰኞ ጠዋት መነጽሩን አድርጎ ቁጥሩን ሲመታ ክንዱን ያዝኩት።

"ቬርሊን፣ ተው። ስሙን አትስጣቸው።"

"አንቺ ሴትዮ፣ የራሳችን ሰዎች እኮ ናቸው! የደበቅኩ ይመስላል ዝም ብል።"

ከዚያ ሰጣቸው። የኤውሴቢዮን ሙሉ ስም፣ የማሪሴላን ስም፣ ከበረቱ ጀርባ የሚኖሩበትን ተጎታች ቤት፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓትና ከቀኑ አስር ሰዓት ላሞች እንደሚያልብ። "ጎበዝ ሠራተኛ ነው" አለ። "እባክሽ 'ጎበዝ' ብለሽ ጻፊልኝ።" ስልኩን ዘግቶ ደስ ብሎት ፈገግ አለልኝ። "ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ ናት። ሁሉንም መዘገበችው።"

ወደ በረቱ ሮጥኩ። ኤውሴቢዮ ወረቀቱን ማለቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል።

"ወይዘሮ ጆሊን፣ አንድ ሌላ ቅጂ አለዎት?" አለኝ። "ለእናቴ ልልክላት ነው። ፈገግ በል ሲሉ እኮ እኔንም መስሎኝ ነበር።"

"ስማኝ፣ ዛሬውኑ ማሪሴላን ይዘህ እህትህ ጋ ሂድ። ሊመጡ ነው።"

ባልዲውን አስቀምጦ እንደ ታመመ ሰው በርኅራኄ አየኝ። "ባለፈው ወር እርስዎ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ነው አሉኝ። ከዚያ በፊት ጣራው ሊወድቅ ነው አሉኝ። የወተቱ መኪናም ሊገለበጥ ነበር።" ሳቀ። "አለቃ ደውለው ተናግረውልኛል አይደል? እኔ ብሄድ ይኼን ሁሉ ላም ማን ያልባል?"

ወደ ቤት ተመለስኩ። የቤታችን በር እንዲቆለፍ ሃያ ዓመት ቬርሊንን ለምኛለሁ። እኛ አገር በር መቆለፍ ጎረቤትን መስደብ ነው፤ ሰው ሳያንኳኳ ድስቱን ይዞ ይገባል። ባለፈው ክረምት ያዘነልኝ ኤውሴቢዮ ነበር። ቬርሊን ስብሰባ ሄዶ ሳለ የዛገውን ቁልፍ አውጥቶ አዲስ ገጠመልኝ። መክፈቻውን ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄው አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀምኩበትም።

ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሁለት መኪና መጣ። ማሪሴላ ኩሽናዬ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን ምሳ ድንች እየላጠችልኝ ነበር። ከቤቱ ሥር ያለውን ምድር ቤት ከፍቼ አስገባኋት። ለአውሎ ነፋስ ብዬ ውኃ፣ ብርድ ልብስና ስድሳ ቆርቆሮ ባቄላ ያከማቸሁበት ነው፤ ቬርሊን እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳየ የሚስቅብኝ።

የኢሚግሬሽን ሰዎቹ ጨዋዎች ነበሩ። ታላቅየው የቅስቀሳ ወረቀታችንን አጥፎ ይዟል። "አቶ ሁክስትራ፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። ፎቶውም በጣም ረድቶናል።"

"ስህተት አለ!" አለ ቬርሊን። "እኔ እኮ የደወልኩት እንዳትመጡ ነው!"

"ይገባኛል ጌታዬ። ብዙ ሰው እንደዚያ ብሎ ይደውላል።"

ኤውሴቢዮን ከማለቢያ ቤቱ ይዘውት ወጡ። ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። መኪናው ጋ ሲደርስ ዞረና፣ "አለቃ፣ የጥቁር አፍንጫዋን ላም ግራ ጡት እንዳይረሱ፣ አብጦባታል" አለ። እኔን ሲያየኝ ግን ዓይኑን ሰበር አደረገ። እሱ ያፈረ መሰለ፤ እሱ!

"ሚስትየዋስ?" አለ ታላቅየው።

በእኛ ቤት ጫማ የሚወልቀው በሩ ላይ ነው። የማሪሴላ ትንንሽ ቦቲ ጫማ ምንጣፉ ላይ ከኔ ጫማ አጠገብ ተቀምጧል። ቬርሊን አየው። እኔም ሲያየው አየሁት። ሠላሳ ዓመት ለሕግ፣ ለፓርቲና ለቤተ ክርስቲያን አንድ ውሸት ያልዋሸ ሰው ነው፤ አለቀላት አልኩ።

ቀስ ብሎ ሄደና ምንጣፉ ፊት ቆመ። ሰፊ ሰው ነው።

"ሰኞ ሄዳለች" አለ። "የት እንደሆነ አላውቅም።"

ሰዎቹ እንደሚመለሱ ተናግረው ሄዱ። ቬርሊን በሕመምተኛ ጉልበቱ እየተጎተተ እስከ ምሽት ላም አለበ፤ ግማሹንም አልጨረሰ። ገብቶ እጁን ሳይታጠብ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ማሪሴላ አሁንም ከታች ምድር ቤቱ ውስጥ ናት።

ስልኩ ጠራ፤ ጌይለን ነው። ቬርሊን ጆሮው ስለከበደው ስልኩን አጉልቶ ስለሚከፍት እኔም እሰማለሁ። "ወንድሜ፣ ሰማሁ! የራሱን ሠራተኛ እንኳ ያልማረ ሊቀመንበር እያሉ ነው! የፓርቲው የክልል ቢሮ አስር ሺህ ቅጂ አዟል። አሁን አይስክሬም ይዤ እየመጣሁ ነው፤ በሩ እንደሆነ ክፍት ነው።"

ከመንገዱ የጌይለን ፒክአፕ መኪና መብራት ወደ ግቢያችን ታጠፈ። ቬርሊን በሩን አየ፣ ከዚያ የምድር ቤቱን ደረጃ።

"ጆሊን፣ ለዚህ በር መክፈቻ አለን?"

ዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ እጄን ከትቼ መክፈቻውን አውጥቼ ሰጠሁት። እጁ በዱቄት ነጣ።

"ቁልፉን ማን ገጠመው?"

"ኤውሴቢዮ። ስለምፈራ።"

ተነሥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ የመኪናው መብራት መስኮቱን ሲያልፍ ሁለቴ አዙሮ ቆለፈው።