ውሃው በራሱ ሲነሣ

ገርባ ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመንግሥት እርሻ የመስኖ ፓምፕ እያስነሣ ጎልምሷል። ሞተሮቹ ያለ እሱ ለማንም አይታዘዙም። መጀመሪያ ትንሿን ያስነሣል፤ ትንሿ ለትልቁ ውሃ ትሞላለታለች፤ ትልቁ ማጓራት ሲጀምር ቫልቩን ቀስ አድርጎ ይከፍታል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሽንኩርቱ ያን ቀን ውሃ አያገኝም።

አብዮቱ ግን ሰው ሞተር ሲቀሰቅስ ማየት ሳይሰለቸው አልቀረም፤ ሰዓት ጠብቆ ሁሉንም በተራ የሚያስነሣ ሣጥን ከውጭ አገር አስመጣ። ሥራ አስኪያጁ ገርባን ጠርቶ፣ «ጓድ ገርባ፣ ርክክቡ ካማረ ዘበኛ አድርገን እናስቀርሃለን። ካላማረ የፓምፕ ጣቢያውን ቤት ትለቃለህ» አለው። ልጆቹ የተወለዱት እዚያው ቤት ነው፤ ሌላ መጠጊያ የላቸውም። ገርባ ፈራ።

ሣጥኑን የሚተክለው ከናዝሬት የመጣ አለማየሁ የሚባል ቴክኒሻን ነበር። ደህና ልጅ ነው፤ አይንቅም፣ አይቸኩልም። ገርባም አንድም ሳይደብቅ አሳየው።

«ጋሼ ገርባ፣ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን? እስቲ ያስቡበት።»

ገርባ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቢያውን በልቡ ዞረ። «ምንም የቀረ የለም» አለ። ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሞተሮቹ በራሳቸው ተነሡ። ገርባ ከአልጋው ሳይወርድ አዳመጣቸው፤ ትንሿ፣ ከዚያ ትልቁ፣ ልክ እሱ እንደሚያስነሣቸው። ቤቴ ተረፈልኝ አለ።

ጩኸቱ የመጣው ከቦዩ በኩል ነው። የመንደሩ ሴቶች ማለዳ ማለዳ፣ ውሃው ከመለቀቁ በፊት፣ ቦዩ ውስጥ ወርደው በተረፈው ውሃ ልብስ ያጥባሉ። ገርባ ቫልቩን ከመክፈቱ አስቀድሞ በሩ ላይ ወጥቶ «ቢሻን ዱፌ!» ይላቸው ነበር፤ ውሃ መጣ ማለቱ ነው። ያኔ ልብሳቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። ይህን ማንም አላዘዘውም፣ ደመወዝም አልተቆረጠለትም። እሱም እንደ ሰላምታ እንጂ እንደ ሥራ ቆጥሮት አያውቅም።

ከአጣቢዎቹ አንዷን፣ ዘርፉን፣ ውሃው ጠርጎ ወስዷት ታች፣ ቆሻሻ የሚያግደው የብረት ፍርግርግ ላይ ሞታ አገኟት። እናቷ አረጋሽ ቀሚሷ እንደራሰ መጥታ ገርባ ፊት ቆመች።

«ገርባ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»



ኮሚቴ ተሰብስቦ ማሽኑ እንከን የለውም፣ ርክክቡም የተሟላ ነበር ሲል ወሰነ። ሥራ አስኪያጁም ቃሉን ጠበቀ። ገርባ ምነው ባባረሩኝ ብሎ ተመኘ፤ የሚያባርረው ግን ጠፋ።